ጭላዳ በአራት እግሩ ሲቀር ሰው ለምን በሁለት እግሩ ሄደ?

የቀረበው ጥያቄ፦ «በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። የሰውን አመጣጥ ሳስረዳ ‹አየሩ ደርቆ ደኑ ሲመናመን ሣር በዛ፤ የጥንት አባቶቻችን ከዛፍ ወርደው ከሣሩ በላይ አሻግረው ለማየት ቀጥ ብለው ቆሙ፤ እጃቸው ነፃ ሲሆን መሣሪያ ሠሩ፤ መሣሪያ ሲሠሩ አንጎላቸው አደገ› እላለሁ። በቅርቡ አንድ ተማሪ ‹ጭላዳም የሚኖረው ሣር ላይ ነው፤ ታዲያ እሱ ለምን በአራት እግሩ ቀረ?› ብሎ ጠየቀኝ። አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም። ትክክለኛው ምክንያት የትኛው ነው? በሁለት እግር መሄድ የጀመረችውስ ድንቅነሽ ናት ማለት ይቻላል?»

የተማሪዎ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መስተካከል ያለበት ማብራሪያው ነው። ድርቀት፣ ሣር፣ ቀጥ ብሎ መቆም፣ መሣሪያ፣ ትልቅ አንጎል የሚለው ሰንሰለት ለማስታወስ የሚቀል ቢሆንም፣ ባለፉት 50 ዓመታት ከአፋር፣ ከኬንያና ከታንዛኒያ በወጡት ቅሪተ አካላት ሲፈተን አብዛኛው ቀለበቱ አልጸናም። ከመጨረሻው ቀለበት ልጀምር፤ ከሁሉ ይልቅ በማያሻማ ማስረጃ የወደቀው እሱ ነውና።

ቻርልስ ዳርዊን በ1871 (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሁለት እግር መሄድን፣ የእጅን ነፃ መሆን፣ በመሣሪያ መጠቀምን፣ የክራንቻ ጥርስን ማነስና የአንጎልን ማደግ አንዱ ሌላውን የሚስብ አድርጎ አቀረበ። በጊዜው ከአፍሪካ ምድር የተገኘ አንድም የቀደምት ሰው ቅሪተ አካል አልነበረም፤ ስለዚህ ግምቱ በማስረጃ ሊፈተን አልቻለም። ዛሬ ግን በእነዚህ ለውጦች መካከል የሚሊዮን ዓመታት ርቀት እንዳለ እናውቃለን። የቅሪተ አካል ተመራማሪዋ የሜሪ ሊኪ ቡድን በ1978 በታንዛኒያ ላቶሊ በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ ታትመው ያገኛቸው የእግር ዱካዎች 3.66 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው፤ በሁለት እግራቸው ብቻ ይራመዱ የነበሩ ፍጥረታት አሻራ መሆናቸውም አያጠራጥርም። እስካሁን የታወቁት ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎች ደግሞ ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ከሎሜክዊ የተገኙት ሲሆኑ ዕድሜያቸው 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ በእኛው አፋር፣ ጎና የተገኙት 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናቸው። የድንቅነሽ ዝርያ የሆነው ኦስትራሎፒተከስ አፋረንሲስ የነበረው አንጎል ከቺምፓንዚ አንጎል ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ የዛሬውን ሰው አንጎል ሲሦ ያህላል። እግር አስቀድሞ ተለውጧል፤ አንጎል እጅግ ዘግይቶ ተከትሏል። ስለዚህ «መሣሪያ ለመሥራት ሲሉ ቀጥ አሉ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከማስታወሻዎ ላይ ይሰርዙት።

ድንቅነሽን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፤ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ኖቬምበር 24 ቀን 1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ስትሆን፣ ልዩ የሚያደርጋት ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ በአንድነት መገኘቱ ነው። ከእርሷ በፊት ብዙዎች ነበሩ። ዶ/ር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ከመካከለኛው አዋሽ ያገኙት አርዲፒቴከስ ካዳባ ከ5.2 እስከ 5.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው፤ ከኬንያ ቱገን ኮረብታዎች የተገኘው የኦሮሪን የጭን አጥንት ወደ 6 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፤ ከቻድ የተገኘው ሳሄላንትሮፐስ ደግሞ እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ስለ መጨረሻው ሲያስተምሩ ይጠንቀቁ። በ2022 የጭን አጥንቱ በዝርዝር ታትሞ በሁለት እግር ይሄድ እንደነበር ቢነገርም፣ ያንኑ አጥንት የመረመሩ ሌሎች ባለሙያዎች ማስረጃው ለዚያ ድምዳሜ አይበቃም ብለዋል። ለተማሪ ሊነገር የሚገባው «ሊሆን ይችላል፤ ክርክሩ አልተቋጨም» የሚለው ነው።

«አንድ አጥንት አይቶ በሁለት እግሩ ይሄድ ነበር ማለት እንዴት ይቻላል?» የሚል ጥያቄ መከተሉ አይቀርም፤ በእኔ እምነት ትምህርቱ መጀመር ያለበትም ከዚሁ ነው። በ1973፣ ማለትም ድንቅነሽ ከመገኘቷ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በኋላ ድንቅነሽን ያገኙት ተመራማሪ ዶናልድ ጆሃንሰን በዚያው በሐዳር 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የጉልበት መገጣጠሚያ አገኙ። የቺምፓንዚ የጭን አጥንት ከዳሌ እስከ ጉልበት ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ሁለቱ ጉልበቶቹ ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ በሁለት እግሩ ልራመድ ሲልም ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ለማዛወር መላ አካሉ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የሰው የጭን አጥንት ግን ከዳሌ ተነሥቶ ወደ ውስጥ እያዘመመ ስለሚወርድ፣ ጉልበቶቻችን ተቀራርበው ከሰውነታችን ክብደት ሥር ይውላሉ። የሐዳሩ ጉልበት እንደኛው ያዘመመ ነው። ከዚህም የሚበልጠው ነገር ይህ ማዘመም ስንወለድ የሌለ መሆኑ ነው። ሕፃኑ ቆሞ መሄድ ከጀመረ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይፈጠራል፤ በሕመም ምክንያት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሄደው የማያውቁ ሰዎች ላይ አይታይም። እንግዲህ የሐዳሩ ጉልበት የሚመሰክረው ከወላጅ የተወረሰ ቅርፅን ብቻ አይደለም፤ የዚያ አጥንት ባለቤት በልጅነቱ ድክ ድክ ብሎ፣ ከዚያም በሕይወቱ ሙሉ በሁለት እግሩ ሲመላለስ እንደነበረ ጭምር ነው። ይህን ሳስብ ከአርባ ዓመት በላይ የቆየው የዚህ አጥንት ዝና እንኳ የሚገባውን ያህል አይመስለኝም።

ዳሌም እንዲሁ ነው። የቺምፓንዚ የዳሌ አጥንት ረጅምና ወደ ጀርባ የዞረ ሲሆን፣ የድንቅነሽ ዳሌ አጭር፣ ሰፊና ወደ ጎን የተዘረጋ ነው። ተማሪዎችዎን አንድ እጃቸውን በዳሌያቸው ጎን ላይ አድርገው በዚያው በኩል ባለው እግር ብቻ እንዲቆሙ ይዘዟቸው፤ ከእጃቸው ሥር የሚጠነክረው ጡንቻ ይሰማቸዋል። ያ ጡንቻ ሌላው እግር በአየር ላይ ሳለ ሰውነት ወደ ጎን እንዳይወድቅ የሚይዝ ነው፤ ሊይዝ የሚችለውም የዳሌው አጥንት ወደ ጎን ስለዞረለት ነው። ከሐዳር የተገኘና በ2011 የታተመ አንድ የመሐል እግር አጥንትም የዚህ ዝርያ ውስጥ እግር እንደ እኛ ጎበጥ ያለ እንደነበር ያመለክታል።

አሁን ወደ ሣሩ እንምጣ። የሣር ምድር መላምት የተመሠረተው በሁለት እግር መሄድና የደን መጥፋት በአንድ ወቅት የሆኑ ይመስሉ በነበረበት ጊዜ ነው። ይህን በእጅጉ ያናጋው ከአራሚስ፣ መካከለኛው አዋሽ የተገኘው የአርዲ (አርዲፒቴከስ ራሚደስ የተባለው ዝርያ) አጽም ነው። የአጽሙ የመጀመሪያ ቁራጭ በ1994 በዶ/ር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ተገኝቶ፣ ቲም ዋይት፣ ዶ/ር ብርሃኔ አስፋውና ባልደረቦቻቸው ለ15 ዓመታት ያህል ካጠኑት በኋላ ዝርዝሩ በ2009 ታተመ። አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት፤ ዕድሜዋም የታወቀው በላይና በታች ካሉት የእሳተ ገሞራ ንጣፎች ነው። የዳሌዋ የላይኛው ክፍል አጠር ብሎ በሁለት እግር ለመሄድ ያመቸ ሲሆን፣ የታችኛው ክፍል ዛፍ ለሚወጣ እንስሳ እንደሚስማማው ረጅም ነው። የእግሯ አውራ ጣት ደግሞ እንደ እጅ አውራ ጣት ወደ ጎን ወጥቶ ቅርንጫፍ የሚጨብጥ ነበር። ከአርዲ ጋር በብዛት የተገኙት የጉሬዛና የአጋዘን ዘመዶች አጥንቶች መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ እነዚህ ዛፍ ያለበትን ስፍራ የሚወዱ እንስሳት ናቸው። ሌሎች ተመራማሪዎች በአፈሩ ኬሚካላዊ ይዘት ላይ ተመሥርተው አካባቢው አጥኚዎቹ ከሚሉት በላይ ገላጣ ነበር ብለው ተከራክረዋል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን ዛፉ ጥቂትም ይሁን ብዙ፣ ቅርንጫፍ የሚጨብጥ እግር የነበራት ፍጥረት ከዛፍ ተለያይታ ነበር ሊባል አይችልም። አንድ ገደብ ግን አለ፤ የአርዲ ዳሌ በጣም ተጨፍልቆ ስለተገኘ በኮምፒዩተር ምስል ተስተካክሎ የተገጣጠመ ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር ልኬቶቹ ላይ ብዙ መደምደም አይገባም። «ከሣሩ በላይ አሻግሮ ለማየት» የሚለውም ብቻውን አይበቃም፤ ለማየት ብሎ ለአፍታ የሚቆም እንስሳ ብዙ ነው፤ አይቶ ሲያበቃ ግን በአራት እግሩ ይሮጣል።

የተማሪዎ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከዚህ ነው። አዲስ አካሄድ የሚወሰነው በአካባቢው ብቻ አይደለም፤ እንስሳው ወደዚያ አካባቢ ይዞት በመጣው አካልም ጭምር ነው። የጭላዳ ቅድመ አያቶች በቅርንጫፍ ላይም ሆነ በመሬት ላይ በአራት እግር የሚሄዱ፣ ደረታቸው ጠባብ፣ ጀርባቸው ከመሬት ጋር ትይዩ የሆነ ጦጣዎች ነበሩ። ወደ ሣሩ ሲመጡ ያንኑ አካል ይዘው መጡ፤ ለሣር አመጋገብም ሌላ መፍትሔ አገኙ፤ ቁጢጥ ብሎ በሁለት እጅ ሣር እየነጩ፣ ሳይነሡ በመቀመጫ ወደፊት መንሸራተት። በሰሜን ተራሮች ጭላዳን የተመለከተ ሰው ይህን ያውቀዋል። የጭላዳ ጥንታዊ ዘመዶች በሐዳርም ከድንቅነሽ ወገኖች ጋር በአንድ ዘመን ኖረዋል፤ ተመሳሳይ አካባቢ፣ የተለያየ አካሄድ። የእኛ መስመር የመጣበት ወገን ግን ቺምፓንዚንና ጎሪላን የሚጨምረው ጭራ የለሽ ወገን ነው፤ የዚህ ወገን አባላት ደረታቸው ሰፊ ሲሆን፣ ግንድ ሲወጡና በእጃቸው ተንጠልጥለው ሲመገቡ ወገባቸውን ቀና አድርገው ነው። ከዛፍ ሲወርዱ ቀና ማለት ለእነርሱ ፈጽሞ አዲስ ነገር አልነበረም። እግረ መንገዴን፣ የሰው ልጅ የመጣው ከዛሬው ቺምፓንዚ እንዳልሆነ ለተማሪዎችዎ አጥብቀው ይንገሩ። ሁለቱም ከጋራ ቅድመ አያት የወጡ ናቸው፤ ቺምፓንዚም በበኩሉ በእነዚያ ሚሊዮን ዓመታት ተለውጧል።

ትክክለኛው ምክንያት የትኛው ነው ላሉት፣ ጥያቄው በአንድነት ሲቀርብ መልስ የማያገኝበት ምክንያት በውስጡ ሦስት ጥያቄዎች ስላሉ ነው። በሁለት እግር መሄድ እንዴት ተጀመረ የሚለው አንድ ነው፤ ከተጀመረ በኋላ ለምን ጸና የሚለው ሌላ ነው፤ በመጨረሻ ዛፍ መውጣት ቀርቶ ብቸኛው አካሄድ ለምን ሆነ የሚለው ሦስተኛ ነው። የሦስቱ መልስ አንድ መሆን የለበትም።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ከሕያዋን ዘመዶቻችን የሚገኘው ፍንጭ ብርቱ ነው። በ2007 የታተመ የሱማትራ ኦራንጉታኖች ጥናት እንዳሳየው፣ እነዚህ እንስሳት ቀጫጭንና ተለጣጭ ቅርንጫፎች ላይ ሲደርሱ በእጃቸው ከላይ ይዘው በሁለት እግራቸው ይራመዳሉ። በምዕራብ ታንዛኒያ ኢሳ ሸለቆ፣ ዛፍ በሳሳበት ገላጣ ስፍራ የሚኖሩ ቺምፓንዚዎች ሲጠኑም፣ በሁለት እግር የሚቆሙት በአመዛኙ በመሬት ላይ ሳይሆን በዛፍ ላይ ሆነው ሲመገቡ እንደሆነ በ2022 ተዘግቧል። ቀጥ ማለት መሬት ላይ የተጀመረ ነው ብለን ስንነሣ የኖርነው ያለ ማስረጃ ነበር። እንደ እኔ ፍርድ፣ የአርዲ እግርና ዳሌ ከዚህ ጋር ሲደመር፣ ጅማሮው ዛፍ ባለበት ስፍራ፣ በከፊልም በዛፉ ላይ ነበር የሚለው ዛሬ ከሁሉ የተሻለ መላምት ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄ ሁለት ምክንያቶች ከሌሎቹ ይልቃሉ። አንደኛው ጉልበት መቆጠብ ነው። በ2007 አምስት ቺምፓንዚዎች በመራመጃ ማሽን ላይ እንዲሄዱ ተደርጎ የሚያወጡት ጉልበት ከሰው ጋር ሲነጻጸር፣ ሰው በሁለት እግሩ ሲራመድ የሚያወጣው ጉልበት ከቺምፓንዚ ወደ 75 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በቺምፓንዚዎቹ መካከል ግን ልዩነት ነበር፤ ለአብዛኞቹ በሁለት እግር መሄድ ትርፍ ባይኖረውም፣ ቀና ብላ ለምትራመደው አንዷ ከአራት እግር ይልቅ ቀሏታል። ይህ የሚያስረዳው መጠነኛ የአካል ልዩነት እንኳ ትርፍ ሊያስገኝ እንደሚችልና የዝግመተ ለውጥ ምርጫም ያንን ይዞ ሊቀጥል እንደሚችል ነው። ምግብ በየቦታው ተበታትኖ በሚገኝበት አካባቢ፣ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው በትንሽ ጉልበት መድረስ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው ምክንያት መሸከም ነው። በጊኒ ቦሱ የሚኖሩ ቺምፓንዚዎች እምብዛም የማይገኝ ለውዝ ሲያገኙ በእጃቸው አቅፈው በሁለት እግራቸው የሚሄዱበት ጊዜ በግልጽ እንደሚጨምር በ2012 ታይቷል፤ ሌላው ቀድሞ እንዳይወስድባቸው በአንድ ጊዜ ብዙ ለመያዝ ሲሉ ነው። ኦወን ላቭጆይ በ1981 ያቀረበው፣ ወንዱ ለሴቷና ለልጆቹ ምግብ ተሸክሞ ስለሚመጣ ነው የሚለው መላምት የዚሁ ቅርንጫፍ ነው፤ ነገር ግን ከአጥንት ሊነበብ በማይችል የቤተሰብ አኗኗር ላይ ስለሚመረኮዝ እኔ አላስተምረውም። ቀጥ ያለ አካል ለቀትር ፀሐይ የሚጋለጥበት ስፋት ያንሳል የሚለው ሐሳብም በሒሳብ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ጅማሮው ጥላ ባለበት ስፍራ ከነበረ የጅማሮው ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ጥያቄ እጅግ ዘግይቶ የመጣ ነው። ዶ/ር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ2000 በአፋር ዲኪካ ያገኟት፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ሕፃን ሰላም፣ ከወገቧ በታች በሁለት እግር ለመሄድ የተሠራች ስትሆን፣ የትከሻዋ አጥንት ግን ከጎሪላ ጋር የሚመሳሰል፣ ጣቶቿም የጎበጡ ናቸው። እነ ድንቅነሽ ቀን በመሬት ተመላልሰው፣ ለመተኛትና ለመመገብ ዛፍ ሳይወጡ አልቀሩም። የእግር መርዘምና ለረጅም ርቀት ጉዞ መመቸት ሙሉ ሆኖ የሚታየው የጥንት ሰው ዝርያ በሆነው በሆሞ ኢሬክተስ ዘመን ነው፤ ለምሳሌ በ1984 ከቱርካና በስተ ምዕራብ የተገኘው ወጣት 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። የተስፋፋው የሣር ምድር እውነተኛ ድርሻ ያለው፣ በእኔ አስተያየት፣ በዚህ ምዕራፍ ላይ ነው። የእርስዎ ማብራሪያ ስሕተቱ ሣርን መጥቀሱ አይደለም፤ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ቀደም አድርጎ ማስገባቱ ነው።

ጎንበስ ካለ ጦጣ ተነሥቶ ቀጥ ወዳለ ሰው የሚያመራውን፣ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ሥዕል በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ያውርዱት። ከሐዳር ብዙም ሳይርቅ በወራንሶ ሚሌ ቡርቴሌ ከተባለ ስፍራ በ2009 የተገኘው የእግር ክፍል 3.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው፤ ማለትም የድንቅነሽ ዝርያ በአካባቢው እየኖረ ሳለ የነበረ ነው። አውራ ጣቱ ግን እንደ አርዲ ቅርንጫፍ የሚጨብጥ ነው። በአንድ ዘመን፣ በአንድ የአፋር ምድር፣ ቢያንስ ሁለት ዓይነት እግር ያላቸው የሰው ዘር ወገኖች በየራሳቸው መንገድ ይራመዱ ነበር። ሥዕሉ የሚያሳየው አንድ ነጠላ ሰልፍ ይህን ሊይዝ አይችልም፤ ተማሪውም ዝግመተ ለውጥ ወደ እኛ ለመድረስ ታስቦ የተደረገ ጉዞ እንዲመስለው ያደርጋል።

ሁለት ነገሮችን ልጨምር። በ2016 ድንቅነሽ የሞተችው ከዛፍ ወድቃ ነው የሚል ጥናት ወጥቶ በሰፊው ተነግሯል። ጆሃንሰንና ዋይትን ጨምሮ ብዙ ባለሙያዎች እንዲህ ያሉ ስብራቶች ከሞት በኋላ በደለል ክብደትም ይፈጠራሉ ብለው ተቃውመዋል፤ ስለዚህ እንደ ተረጋገጠ ታሪክ አይንገሩት። ሁለተኛው፣ ከ10 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ከአፍሪካ የተገኘው ቅሪተ አካል እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። ከአገራችን ጮሮራ የተገኘው 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው እንስሳ እንኳ የሚታወቀው በጥርሶቹ ብቻ ነው፤ ጥርስ ደግሞ ስለ አካሄድ አይናገርም። የጋራ ቅድመ አያታችን በምን ዓይነት አካሄድ ይሄድ እንደነበር የሚወስን አጥንት እስኪገኝ ድረስ፣ የመጀመሪያውን ምክንያት አገኘሁ የሚልን ማንኛውንም ጽሑፍ በጥርጣሬ ያንብቡ።

ምክሬ ይህ ነው። ምዕራፉን በምክንያት አይጀምሩ፤ በአጥንት ይጀምሩ። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለጉልበትና ለዳሌ ይስጡ፤ ሁለተኛውን ለቅደም ተከተሉ ይስጡ፤ አርዲ፣ ላቶሊ፣ መሣሪያ፣ ድንቅነሽ፣ ትልቅ አንጎል በሰሌዳው ላይ ከነዕድሜያቸው ይሰለፉ። ምክንያቶቹን በሦስተኛው ያምጡ፤ ጅማሮ፣ መጽናትና ብቸኛ አካሄድ መሆን ተለያይተው፣ ለእያንዳንዱ መላምትም ሊያፈርሰው የሚችለው ማስረጃ ምን እንደሆነ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲጽፉ ያድርጉ። በፈተና ላይ «ሰው በሁለት እግሩ መሄድ የጀመረው ለምንድን ነው?» ብለው አንድ ትክክለኛ ምርጫ ያለው ጥያቄ አያውጡ። አዲስ አበባ ወይም በአቅራቢያው ከሆኑ ተማሪዎቹን አምስት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ይውሰዷቸው። በአብዛኛው ለሕዝብ የሚታየው የድንቅነሽ ቅጂ ቢሆንም የአጥንቶቹ ቅርፅ ትክክለኛ ነው። ከመስታወቱ ፊት ሲቆሙ መጀመሪያ ራስ ቅሉን እንዳይፈልጉ ይንገሯቸው፤ ከድንቅነሽ ራስ ቅል የተገኘው ጥቂት ስብርባሪ ነው። የግራውን የጭን አጥንት ይመልከቱ፤ ከዳሌው ተነሥቶ ወደ ጉልበቱ ሲወርድ ወደ ውስጥ ማዘመሙን በጣታቸው በአየር ላይ ይከተሉ፤ ከዚያም የራሳቸውን ጭን ይዳስሱ።